ምናለሽ ተራ የማይገዛው ብክነት

መርካቶ ውስጥ ዕቃ ከንቱ አይቀርም። ከሕንፃ ሥራ የተረፈ የፌሮ ቁራጭም ሆነ የተጣመመ ሚስማር ምናለሽ ተራ ሲደርስ ተቃንቶ ወይም ተቀጥቅጦ ገዢ ያገኛል። ስለዚህ በግንባታ ሰዎች ዘንድ የሚሰማው «ሊን» የሚለው ቃል «ቁጠባ» ተብሎ ሲተረጎም፣ ለዚህ ሰፈር ምን አዲስ ነገር አለው ቢባል አይገርምም። ጥፋቱ የትርጉሙ ነው። የእንግሊዝኛው ቃል በቁሙ ጮማ የሌለውን ሥጋ ይገልጻል። ጆን ክራፍቺክ እ.ኤ.አ. በ1988 የቶዮታን አሠራር ሰየመበት፤ የዚያ አሠራር ዓላማ ግን ለገዢው ምንም የማይጨምር ድካምን ማስወገድ ነው፦ መጠበቅን፣ ማመላለስን፣ አፍርሶ መሥራትን። «ቁጠባ» ካልነው አሠሪው ሲሚንቶ ማሳነስ ይመስለዋል፤ ከዚህ የከፋ ትርጉም ደግሞ አይገኝም። «ብክነት ቀናሽ ግንባታ» ብንለው ይሻላል። «ብክነት» የካይዘን ኢንስቲትዩት በ2004 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ፋብሪካዎች የለመዱት ቃል ነው። የጃፓኑ የአሠራር ማሻሻያ ዘዴ ካይዘን እያለ ሌላ ስም ለምን ያስፈልጋል የሚል ይኖራል። ፋብሪካ ባለበት ይረጋል፤ ሳይት ግን በየሳምንቱ መልኩን ይለውጣል፣ ሠራተኛውም ይቀያየራል።

አነስተኛ ተቋራጭ ዘንድ ብክነትን የመቀነስ ሙያ መጀመር ያለበት ከፎርማኑ ነው። ፌሮ በ12 ሜትር ይመጣል፤ 5 ሜትር የሚፈልግ ሠራተኛ ከአንዱ ሁለት ቆርጦ 2 ሜትሩን ይጥላል፣ የብረቱን አንድ ስድስተኛ ማለት ነው። አስቀድሞ የቁርጥ ዝርዝር ያወጣ ፎርማን ያንኑ 2 ሜትር ለመስኮት አርኪትራቭ ያውለዋል። ሒሳቡ የአራተኛ ክፍል ነው፤ የጠፋው ልማዱ ነው። የባሰው ብክነት ደግሞ ዓይን ውስጥ አይገባም። ሶሌታ ሊሞላ ጠጠሩም ሲሚንቶውም ቀርቦ፣ ኤሌክትሪሻኑ ቱቦውን ስላልዘረጋ ሃያ የቀን ሠራተኛ ጥላ ሥር ቁጭ ይላል። ያን ግማሽ ቀን ምናለሽ ተራ የሚገዛ የለም። አሜሪካዊው ግሌን ባላርድ በ1990ዎቹ ሳይቶችን ሲመረምር፣ ለሳምንቱ ከታቀደው ሥራ በሳምንቱ ውስጥ የሚያልቀው ግማሽ ገደማ ብቻ ሆኖ አገኘው። መፍትሔውም ውድ አልነበረም፦ ፎርማኖቹ በሳምንት አንዴ ተቀምጠው የትኛው ሥራ በእርግጥ ሊጀመር እንደሚችል ይነጋገራሉ፣ ያላለቀውንም ከነምክንያቱ ይጽፋሉ።

«የቀን ሠራተኛ ነገ ይሄዳል፤ ለማን ነው የማሠለጥነው?» የሚለው የተቋራጮች ሙግት ከባድ ነው። ግን ሥልጠናው ለሁሉም እኩል አይደለም፤ ለሚቆዩት ለሁለት ሦስት ፎርማኖች ይበቃል፣ ቀሪው ጠዋት ጠዋት በአሥር ደቂቃ ንግግር ይማራል። ሁለተኛው ሙግት ይበልጥ እውነት አለው። ዋጋ በየወሩ በሚንርበት አገር፣ እንደ ቶዮታ አሠራር ዕቃ አታከማች ማለት የዋህነት ነው፤ እዚህ ላይ የጃፓኑን መንገድ እንዳለ መቅዳት አይቻልም። ከባድ መኪና በቀን እንደልቡ በማይገባበት ከተማ፣ በተለይ በመርካቶ ጠባብ መንገዶች፣ ዕቃ በሌሊት አስገብቶ መያዝ ግድ ነው። ማከማቸት ካልቀረ ግን አከመቻቸቱ ሙያ ይጠይቃል፦ ሲሚንቶው ከመሬት ከፍ ብሎ ጣውላ ላይ ይደረደራል፣ ከግድግዳ ይርቃል፣ ቀድሞ የገባው ከረጢትም ቀድሞ ይወጣል።