የአብራሪ ሰዓትና 84ኛዋ ደቂቃ

ሰዓት ከኪስ ወጥቶ በክንድ ላይ እንዲታሰር ካደረጉት ሙያዎች አንዱ በረራ ነው። ብራዚላዊው አብራሪ ሳንቶስ ዱሞን ሁለት እጁ በመሪው ተይዞ ሳለ የኪስ ሰዓት ማውጣት ስለቸገረው፣ የፓሪሱ ሉዊ ካርቲዬ እ.ኤ.አ. በ1904 ገደማ የእጅ ሰዓት እንዳሠራለት ይነገራል። ከዚያ በኋላ የአብራሪ ሰዓት የራሱን መልክ ያዘ፤ ይኸውም ጥቁር ገጽ፣ ነጭና ጉልህ አኀዝ ነው። ጌጥ የለውም፤ ዓላማው በአንድ አፍታ መነበብ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለጀርመን አየር ኃይል ከተሠሩት በአንደኛው ዓይነት ላይማ ደቂቃዎቹ በውጭው ክብ ጎልተው ሲታዩ፣ ሰዓቶቹ በውስጠኛው ክብ አንሰው ተጽፈዋል።

ለደቂቃ የተሰጠው ይህ ቅድሚያ ለኢትዮጵያዊ ሌላም ትርጉም አለው። እንደሚታወቀው እኛ ቀኑን ከንጋት ጀምረን ስለምንቆጥር፣ ሌላው 12 ሰዓት ሲል እኛ 6 ሰዓት እንላለን። ሰዓት ቆጣሪው በሁለቱ አቆጣጠሮች ምንጊዜም ትይዩ ያመለክታል፤ ደቂቃ ቆጣሪው ግን ለሁለቱም አንድ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ካደረገ ወዲህ፣ አገራችን ከሰማዩ ጋር በዓለም ሰዓት፣ ከምድሯ ጋር በንጋት ሰዓት ስትነጋገር ኖራለች።

የደቂቃን ክብደት ለአዲስ አበባ ሕዝብ ያስተማረው ግን ስታዲየም ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በ3ኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ በተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ 2 ለ 1 ተመርታ፣ ጨዋታው ሊያልቅ 6 ደቂቃ ሲቀረው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ አቻ አደረገ። በተጨማሪው 30 ደቂቃ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አግብተው ዋንጫው በ4 ለ 2 ውጤት እዚሁ ቀረ።

ከዚያን ዕለት ተመልካቾች አንዱ የነበሩት አጎቴ አብራሪ አልነበሩም፤ በክንዳቸው የነበረችው ግን ቀላል የአብራሪ ሰዓት ነበረች። ካረፉ በኋላ ለእኔ ደረሰች። አንድ ሰዓት ሠሪ የደበዘዘ ገጿን በአዲስ ሊለውጥልኝ ቢጠይቀኝ አልፈቀድሁም። ሞላዋ ቢበጠስ ይተካል፤ ማሰሪያዋም ቢያረጅ ይለወጣል። በ84ኛዋ ደቂቃ ዓይናቸው በጭንቀት ያረፈበት ገጽ ግን ምትክ የለውም።

ዋንጫና ሜዳልያ ጠባቂ አያጡም። የሕዝብ ታሪክ ግን በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ፣ በተጫረ መስተዋት ሥርም ይኖራል። እንዲህ ያለውን ቅርስ መጠገን ማለት ሥራውን መመለስ እንጂ ዕድሜውን መፋቅ አይደለም።