የመልእክተኛው አፋኝ

ስሙኝማ! ነገሩ የሚጀምረው ከሰው አንጎል አይደለም፤ ከትል ነው። ሲ. ኤሌጋንስ ይሏታል፤ ርዝመቷ 1 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ይህች ትል አራት የዕጭነት ደረጃ አልፋ ነው ለእናትነት የምትበቃው። አንዷ ግን እምቢ አለች። የመጀመሪያውን ደረጃ ትጨርስና መልሳ ያንኑ ትጀምራለች። ዕንቁላል ያዘች፤ መውለጃ ግን አላበጀችም። ዕንቁላሎቹ እዚያው ሆዷ ውስጥ ተፈለፈሉ።

ምን ነካት? ሊን-4 የሚባለው ዘረመሏ ተበላሽቶ ነው። ቪክቶር አምብሮስ ሃርቫርድ ሆኖ ይህን ዘረመል ያሳድዳል፤ ጋሪ ሩቭኩን ደግሞ ቦስተን ውስጥ፣ ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል፣ ሌላውን የትሏን ዘረመል ሊን-14ን ያጠናል። የአምብሮስ ቡድን ከሊን-4 ፕሮቲን ጠበቀ። የተገኘችው ግን 22 ፊደል ብቻ ያላት የአርኤንኤ ቁራጭ ናት። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1992 ሁለቱ ሰዎች የየዘረመላቸውን ፊደል ተላላኩ። በዚያው ምሽት ሁለቱም፣ አንዱ ከሌላው ሳይሰማ፣ ቁራጯ የሊን-14 መልእክት ጅራት ላይ ገጥማ እንደምትቀመጥ አዩ። ስልክ ተደዋውለው ፊደሉን ተነባበቡ።

ሥራዋ ይኸው ነው፤ ዲኤንኤ ትእዛዙን በመልእክተኛ አርኤንኤ ይልካል፤ ቁራጯ መልእክተኛውን መንገድ ላይ ይዛ አፉን ታፍናለች። ትእዛዙ ሳይፈጸም ይቀራል።

ግኝቱ በ1993 ታተመ። የትል ጉዳይ ነው ተብሎ ታለፈ። በ2000 የሩቭኩን ቡድን ሌት-7 የተባለ ሌላ አፋኝ ይዞ መጣ፤ ይሄኛው ከትል እስከ ሰው የዘለቀ ሆኖ ተገኘ። ያኔ ነው ዓለም ብድግ ያለው። አምብሮስና ሩቭኩን በ2024 ኖቤል ተሸለሙ።

ታዲያላችሁ፣ በ2005 ጄኒፈር ቻን፣ አና ክሪቼቭስኪና ኬኔት ኮሲክ ቦስተን ላይ ግሊዮብላስቶማን መረመሩ። ይህ የአንጎል ዕጢ ክፉ ነው፤ ቀዶ ሐኪሙ የሚታየውን ሁሉ ቢያወጣ እንኳ ሴሎቹ ቀድመው ጤናማው ውስጥ ሰርገው ገብተዋል። ከጤናማ አንጎል ጋር ሲያስተያዩት ሚር-21 የሚባለው አፋኝ ዕጢው ውስጥ በብዙ እጥፍ በዝቷል። ማንን ነው የሚያፍነው? ሴል ሲበላሽ ራሱን የሚያጠፋበት ሥርዓት አለው፤ ሚር-21 ይህንን ሥርዓት ያሽመደምዳል። ተመራማሪዎቹ ቤተ ሙከራ ባሳደጓቸው የዕጢ ሴሎች ውስጥ አፋኙን ራሱን አፈኑት። ምን ሆነ መሰላችሁ? ሴሎቹ መሞት ጀመሩ!

ሌላም አለ። ሚር-128 በጤናማ አንጎል ሞልቶ የተረፈ ነው፤ ዕጢው ውስጥ ግን ይመነምናል። እሱ ሲጠፋ፣ ያፍነው የነበረው ቢኤምአይ-1 የተባለ ፕሮቲን ይለቀቅና ሴሎቹ ራሳቸውን ማባዛቱን ይያያዙታል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ዕጢው አዲስ መሣሪያ አልፈጠረም። የሰውየውን የራሱን አፋኞች ነው፣ አንዱን ሾሞ ሌላውን የሻረው።

መድኃኒቱማ ቀላል ይመስላል፤ የተሾመውን ማፈን፣ የተሻረውን መመለስ። ሞክረውታል። ዕጢ የሚገታውን ሚር-34ን በስብ ከረጢት ጠቅልለው ጉበታቸው ወይም ሌላ አካላቸው በካንሰር ለተያዘ ሕሙማን በደም ሥር ሰጡ። የሰውነት መከላከያ ክፉኛ ተቆጣ፤ አራት ሕሙማን ሞቱ፤ ሙከራው በ2016 ተቋረጠ። አንጎል ደግሞ የባሰ ነው፤ የደም ሥሮቹ ግድግዳ እንዲህ ያለውን ትልቅ ሞለኪውል አያሳልፍም።

ስለዚህ ዛሬም ለግሊዮብላስቶማ ዋናው ሕክምና ቀዶ ሕክምና፣ ጨረርና ቴሞዞሎማይድ የተባለው መድኃኒት ነው። በ2005 የወጣ ትልቅ ጥናት እንዳሳየው፣ ጨረር ብቻ ካገኙት ግማሾቹ ቢያንስ 12.1 ወር በሕይወት ሲቆዩ፣ ቴሞዞሎማይድ ሲጨመር 14.6 ወር ሆነ። ሚር-21 ደግሞ በጤናማ ልብም በሌላውም አካል ሥራ አለው፤ በጅምላ አይታፈንም። የሚፈለገው መድኃኒት ግድግዳውን አልፎ፣ ጎረቤት ሳይነካ፣ የዕጢውን አፋኝ ብቻ የሚይዝ ነው። ለአንጎል ዕጢ እንዲህ ያለ መድኃኒት ገና አልጸደቀም፤ እኔም ያልሆነውን ሆነ ብዬ አልተርክላችሁም።