ከጭቃው ሳህን እስከ ወይኑ ፍሬ፦ የሃሎዊን የቤት ውስጥ ጨዋታዎች ታሪክ

በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥቅምት 21 ቀን ግድም፣ በአሜሪካ፣ በካናዳ፣ በብሪታንያና በአየርላንድ በሚገኙ ብዙ ቤቶች ሕፃናት ዓይናቸው በጨርቅ ታስሮ እጃቸውን ወደ ጎድጓዳ ሳህን ይሰዳሉ። «ይህ የሙት ዓይን ነው» ይባላሉ፤ የሚነኩት ግን የተላጠ የወይን ፍሬ ነው። «ይህ ደግሞ አንጀቱ ነው» ሲባሉ የሚጨብጡት ተቀቅሎ የቀዘቀዘ ፓስታ ነው። ቤቱ በጩኸትና በሳቅ ይሞላል።

በዓሉ ሃሎዊን ይባላል። በአፍሪካ ቀንድና በምሥራቅ አፍሪካ ከተሞችም በፊልምና በአንዳንድ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች አማካይነት የሚያውቁት ልጆች ጥቂት አይደሉም። በባሕር ማዶ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ደግሞ ወቅቱ በደረሰ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይገጥማቸዋል፦ ይህ የሰይጣን በዓል ነውን? ወይስ ተራ የልጆች ጨዋታ? መልሱን ለመስጠት ከመቸኮል በፊት ጨዋታዎቹ ከየት እንደመጡ መመርመር ይበጃል። ታሪካቸው እንደሚያሳየው እነዚህ ጨዋታዎች በመጀመሪያ የልጆች አልነበሩም፤ ዕድላቸው ያስጨነቃቸው ወጣቶች የሚጫወቷቸው ነበሩ።

የቅዱሳን ዋዜማ

በጥንት አየርላንድ ኖቬምበር 1 ቀን የክረምቱ መግቢያ ነበር። አዝመራ ተሰብስቦ፣ ከብቶች ከበጋው ግጦሽ ወደ መንደር የሚመለሱበት ይህ ወቅት ሳዊን ይባል ነበር። በመካከለኛው ዘመን መነኮሳት በጽሑፍ ያቆዩዋቸው የአየርላንድ ተረቶች፣ በዚያች ሌሊት በጉብታዎች ውስጥ የሚኖሩ ረቂቅ ፍጡራን ወደ ሰዎች ዓለም እንደሚወጡ ይተርካሉ። ይሁን እንጂ ከክርስትና በፊት የነበሩት ሰዎች ስለ ሥርዓታቸው ራሳቸው የጻፉት ነገር ስለሌለ፣ ዛሬ ስለ ጥንታዊው አምልኮ በሰፊው የሚነገረው አብዛኛው ግምት ነው።

የበዓሉ ስም ግን ፍጹም ክርስቲያናዊ ነው። በ8ኛው መቶ ዓመት የሮሜው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 3ኛ በቅዱስ ጴጥሮስ ቤተ ክርስቲያን ለቅዱሳን ሁሉ የጸሎት ቤት ሰየሙ፤ በ9ኛው መቶ ዓመት በጎርጎርዮስ 4ኛ ዘመን ኖቬምበር 1 የቅዱሳን ሁሉ በዓል ሆኖ በምዕራብ አውሮፓ ተስፋፋ። ሃሎዊን ማለት «የቅዱሳን ዋዜማ» ማለት ነው። ኖቬምበር 2 ደግሞ የሙታን መታሰቢያ ሆነ። በእንግሊዝ ድሆችና ልጆች በየቤቱ እየዞሩ ለሙታን ነፍስ ለመጸለይ ቃል ሲገቡ ትንንሽ ኬክ ይሰጣቸው ነበር። በቡሄ «ሆያ ሆዬ» ብሎ ሙልሙል ለተቀበለ ሰው ይህ ልማድ እንግዳ አይሆንበትም።

የጎመን አገዳና ሦስቱ ሳህኖች

ስለ ጨዋታዎቹ ከሚገኙት ምስክርነቶች መካከል እጅግ ዝርዝር የሆነው የስኮትላንዳዊው ባለቅኔ የሮበርት በርንዝ ነው። በርንዝ እ.ኤ.አ. በ1785 «ሃሎዊን» የተሰኘ ረጅም ግጥም ጻፈ፤ በማግሥቱ ዓመትም ታተመ። ግጥሙን በገጠሬው የስኮትላንድ ልሳን ጽፎ ልማዱን ለማያውቁ አንባቢዎች በእንግሊዝኛ የግርጌ ማብራሪያ አከለበት። ዛሬ ለታሪክ ጸሐፊዎች የሚጠቅመው ያ ማብራሪያ ነው።

በእርሱ ገለጻ መሠረት ወጣቶቹ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ወደ ጓሮ ይወጡና ያገኙትን የመጀመሪያ ጎመን ከነሥሩ ይነቅላሉ። የአገዳው መጠንና ቀጥታነት ወይም ጠማማነት የወደፊቱን የትዳር ጓደኛ ቁመና ያመለክታል። በሥሩ ላይ የተጣበቀ አፈር ካለ በጋብቻው የሚገኘው ሀብት ነው። የአገዳው ጣዕም ደግሞ የጠባዩን ጣፋጭነት ወይም ምሬት ይናገራል። በምድጃው ላይም ሁለት የዛፍ ፍሬዎች በአንድ ኮረዳና በአንድ ጎልማሳ ስም ይጣላሉ፤ ተያይዘው በጸጥታ ከነደዱ ፍቅሩ ይሰምራል፣ አንዱ ፈንድቶ ከዘለለ ግን ይፈርሳል።

ሌላው ጨዋታ የሦስቱ ሳህኖች ጨዋታ ነው። በአንዱ ንጹሕ ውሃ፣ በሁለተኛው የቆሸሸ ውሃ ይደረጋል፤ ሦስተኛው ባዶ ነው። ዓይኑ የታሰረው ወጣት ግራ እጁን ይሰዳል። ንጹሑን ከነካ ድንግል ያገባል፤ የቆሸሸውን ከነካ ባሏ የሞተባትን፤ ባዶውን ከነካ ሳያገባ ይቀራል። የሳህኖቹ ቦታ እየተቀያየረ ሙከራው ሦስት ጊዜ ይደገማል።

ጭቃው

ሳህኖቹ በአየርላንድ ከበድ ያለ ትርጉም ነበራቸው። በአንዱ ቀለበት፣ በአንዱ ውሃ፣ በአንዱ የጸሎት መጽሐፍ፣ በአንዱ ጭቃ ይቀመጥ ነበር። ቀለበት ትዳር ነው፤ ውሃ ባሕር ተሻግሮ መሰደድ፤ የጸሎት መጽሐፍ ገዳም መግባት፤ ጭቃ ደግሞ በዓመቱ ውስጥ መሞት። ከድንች ረሃብ በኋላ ለነበረ የአየርላንድ ወጣት እነዚህ አራቱ የሚያስቁ ምልክቶች ብቻ አልነበሩም። እ.ኤ.አ. ከ1845 እስከ 1852 በዘለቀው ረሃብ 1 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አልቋል፤ ከ1 ሚሊዮን የሚበልጥም ተሰዷል። ሳህኖቹ የያዙት የጎረቤትን፣ የእኅትንና የወንድምን ዕጣ ነበር።

ጄምስ ጆይስ እ.ኤ.አ. በ1914 ባሳተመው «ደብሊነርስ» በተሰኘው የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል ውስጥ ርእሱ ከዚሁ ጭቃ የተወሰደ ታሪክ አለ። ማሪያ የተባለች ባል ያላገባች ሴት በልጅነቱ የተንከባከበችው ሰው ቤት በሃሎዊን ምሽት ትሄዳለች። ልጆቹ ሲጫወቱ እርሷም ዓይኗ ታስሮ እጇን ትሰዳለች፤ የነካችው ለስላሳና እርጥብ ነገር ነው። ቤቱ ዝም ይላል። የቤቱ እመቤት የጎረቤቲቱን ልጅ ተቆጥታ ያንን ነገር በአስቸኳይ እንድትጥለው ታዛለች። ማሪያም ድጋሚ ስትሞክር የጸሎት መጽሐፍ ይደርሳታል። ልብ ወለዱ አንድ የታሪክ ለውጥ መዝግቧል፤ ጨዋታው በዚያን ጊዜ ወደ ልጆች ወርዷል፤ ጭቃውም በጨዋ ቤት ገበታ ላይ መቅረቡ ነውር ሆኗል።

ደስታውም አልጠፋም። ሠዓሊው ዳንኤል ማክሊዝ እ.ኤ.አ. በ1832 ኮርክ አጠገብ በብላርኒ የታደመበትን ግብዣ በማግሥቱ ዓመት በሣለው ሥዕል አሳይቷል። ልጆችና ሽማግሌዎች በአንድ ቤት ተሰብስበው ከውሃ በርሜል ፖም በጥርስ ለማውጣት ይታገላሉ፤ የተንጠለጠለ ፖምም ለመንከስ ይዘላሉ።

ከባሕር ማዶ

ስደተኞቹ ጨዋታዎቹን ይዘው አሜሪካ ገቡ። በአገራቸው ተርኒፕ የተባለውን ጠንካራ ሥር ቦርቡረው መብራት ይሠሩ የነበሩት በአዲሱ አገር ትልቁንና ለስላሳውን ዱባ አገኙ። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የሴቶች መጽሔቶችና የወረቀት ጌጥ አምራቾች የቤት ውስጥ ግብዣ ማዘጋጃ ምክሮችን ያሳትሙ ጀመር፤ ዴኒሰን የተባለው ኩባንያ የመጀመሪያውን የሃሎዊን መምሪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1909 ነው። በእነዚህ ጽሑፎች የዕጣ ጨዋታዎቹ ቀስ በቀስ ወደ ማስፈራሪያና ማሳቂያ ተለወጡ።

ግብዣውን ያስፋፋው ሌላም ምክንያት ነበር። ወጣቶች በዚያች ሌሊት የሰው አጥር በር ነቅለው ይወስዱ፣ ንብረትም ያበላሹ ነበር። በመሆኑም የሚኒሶታዋ አኖካ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1920 ልጆቹን ከጥፋት ለመመለስ ሕዝባዊ ሰልፍና ድግስ አዘጋጀች። በ1930ዎቹ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን ጥፋቱ ሲብስ ቤተሰቦችና ማኅበራት ልጆችን በቤት ውስጥ ጨዋታ መያዝን መረጡ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነትና ከስኳር ራሽን በኋላ በየቤቱ እየዞሩ ከረሜላ መጠየቅ ተስፋፋ። ቆይቶም በከረሜላ ውስጥ መርዝና ምላጭ አለ የሚል ፍርሃት ብዙ ወላጆችን መልሶ ወደ ቤት ሰበሰበ፤ ሶሲዮሎጂስቱ ጆኤል ቤስት ግን እ.ኤ.አ. በ1985 ባሳተመው ጥናት እንግዳ ሰው በዚህ መንገድ ሕፃን መግደሉን ወይም ክፉኛ መጉዳቱን የሚያረጋግጥ ማስረጃ አላገኘም።

እንግዲህ የተላጠው ወይንና የቀዘቀዘው ፓስታ የቆሙበት ቦታ ይህ ነው፦ የታሰረ ዓይን፣ የተሰደደ እጅ፣ በጨለማ የሚጠብቅ ሳህን። ጭቃው ከገበታው ተነሥቷል፤ ሞት ግን በቀልድ መልክ ቀርቷል። በምድጃ ዙሪያ የጭራቅና የአያ ጅቦ ተረት እየሰማ ያደገ ሰው ይህን ሳይረዳው አይቀርም፤ ልጅ በዘመድ ጭን ላይ ሆኖ መፍራትን የሚለማመደው በዚህ ዓይነት ነው። በዓሉን በቤቱ ማስገባት ወይም አለማስገባት የየቤተሰቡ የእምነትና የኅሊና ውሳኔ ነው። ሆኖም ባሕር ተሻግሮ ልጁን በባዕድ አገር የሚያሳድግ ወላጅ፣ ከአራቱ ሳህኖች አንዱ ውሃ የነበረው ለምን እንደሆነ ለልጁ ለማስረዳት መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም።