ከሶኬት ውስጥ የወጣ አሸዋ

ከጎርፉ በኋላ ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር የአክስቴን ሳሎን ሶኬት ስፈታ ከሳጥኑ ውስጥ አሸዋ ፈሰሰ። ሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ወንዙ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል። ግድግዳው ከደረቀ ሰንብቷል፤ ሶኬቱ ግን የዚያን ሌሊት አሸዋ እንደያዘ ነበር።

ሦስት ቀዳዳዎቹ በአንድ መስመር የተደረደሩ፣ የጣልያን ሥሪት ሶኬት ነው። የፈረንሳዮቹ ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ለገሃሬ የሚለው ስም ቀረልን። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው የመሣሪያ ሣጥን ግን ጣልያንኛ ይናገራል፤ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ እንላለን። በጣልያን ወረራ ዘመን የአገሪቱን የኤሌክትሪክ ሥራ የያዘው ኮንኤል የተባለ የጣልያን ኩባንያ ነበር። መብራት ኃይል በ1948 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላም የጣልያን ሶኬት ከየቤቱ ቶሎ አልጠፋም።

መካከለኛው ቀዳዳ የመሬት ሽቦ ቦታ ነው። የአክስቴ ባዶ ነበር፤ ከግድግዳው የመጡት ሽቦዎች ሁለት ብቻ ነበሩ። ሶኬቱ የተሠራው ለ10 አምፔር ሲሆን፣ አክስቴ የምትሰካበት 3.5 ኪሎ ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ይስባል። የሶኬቱ ጠርዝ ጠቁሮ የቀለጠው ለዚህ ነው።

ዛሬ ሁሉም የሚገዛው ክቡን፣ በጎንና በጎኑ የመሬት ሽቦ ጆሮ ያለውን የጀርመን ዓይነት ሶኬት ነው። ፊቱን ብቻ መቀየር ግን ቤተሰብን ማታለል ነው። ጆሮው ከመሬት ካልተገናኘ፣ የምጣዱ ብረት ኤሌክትሪክ ሲይዝ መንገድ የሚሆነው የጋጋሪዋ እጅ ነው። የመሬቱን ሽቦ ከኒውትራል ጋር ማሰርም ያው ሞት ነው፤ ኒውትራሉ ቢበጠስ ብረቱ ሁሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል።

መጀመሪያ ብሬከሩን አወረድኩ። ቴስተሩን ኤሌክትሪክ ባለበት ቦታ ሞክሬ መሥራቱን ካረጋገጥኩ በኋላ ሶኬቱን ፈተሽኩ። ለምጣዱ ከብሬከር ሣጥኑ ጀምሮ ወፍራም ባለሦስት ሽቦ መስመር ለብቻው ዘረጋሁ። ከዚያ የመሬት ሽቦው የሚታሰርበትን የመዳብ ዘንግ ለመትከል ጓሮ ወጣን። ደረቅ አሸዋ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ስለዚህ ዘንጉን አሸዋውን አልፎ እርጥብ አፈር እስኪያገኝ መታነው።

አክስቴ ከአጠገቤ ቆማ፣ «ይሄ ሁሉ ለማይታይ ነገር ነው?» አለችኝ። «አዎ እታለም፣ የሚያድንሽ የማይታየው ነው» አልኳት። ዛሬም ሶኬት ቀይርልኝ የሚለኝን ሰው አስቀድሜ የምጠይቀው የመሬት ሽቦው የት እንደሚደርስ ነው።