የአውራ ጣት አሻራና የምስጢር ቍጥር

አዲስ መሣሪያ ወደ አንድ አገር በገባ ጊዜ ሁለት ጥያቄ ይነሣል። አንደኛው «ምን ይሠራል?» የሚል ነው፤ ሁለተኛው «ለማን ይሠራል?» የሚል ነው። የፊተኛውን ነጋዴና መሐንዲስ ይመልሱታል። የኋለኛውን ግን የሚመልሰው ታሪክ ነውና፣ ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ዛሬ በእጅህ ስለያዝኸው ስልክ ከመናገሬ በፊት ጥቂት ወደ ኋላ እንድመለስ ፍቀድልኝ።

የስልክ ሥራ በአገራችን የተጀመረው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1894 ዓ.ም. ነው። ከሐረር ወደ አዲስ አበባ የተዘረጋው መስመር ርዝመቱ 477 ኪሎ ሜትር ነበር። ለዚያ ዘመን ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ ልንኰራበትም ይገባናል። ነገር ግን ሽቦው በብዙ ገበሬ ማሳ ላይ ሲያልፍ፣ በሽቦው የሚነጋገሩት ቤተ መንግሥቱና ሹማምንቱ ነበሩ። ገበሬው ምሰሶውን አየ እንጂ ድምፁን አልሰማም።

የወረቀትም ነገር ከዚህ የተለየ አልነበረም። መኳንንቱ ማኅተም ነበራቸው፤ የተማረው ብዕር ነበረው፤ ያልተማረው ግን አውራ ጣቱን በቀለም ነክሮ ከወረቀቱ ግርጌ ያትም ነበር። እኔ በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግሁ ስለ ሆንሁ ገና በአሥር ዓመቴ የጎረቤቶቻችንን ደብዳቤ አነብ ነበር። አንድ ቀን አንድ ገበሬ ከጉያው የታጠፈ ወረቀት አውጥቶ አስነበበኝ። እርሱ «መሬቴን ለአንድ ዓመት በመያዣ የሰጠሁበት ነው» ይል ነበር፤ ወረቀቱ ግን «ሸጫለሁ» ይላል። ከግርጌው ያለው አሻራ የራሱ ነበር። አንብቤ ስጨርስ ጣቱን አገላብጦ አየው፤ አንድ ቃልም ሳይናገር ወጥቶ ሄደ። «ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቈረጣል» ይባላል፤ ያ ሰው ግን ሞኝ አልነበረም። ፊደል የሚያሳየው አጥቶ ነው።

ይህን ነገር ሳልረሳ በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ታወጀ። እኔም የ19 ዓመት ወጣት ሆኜ በገጠር ፊደል አስተማርሁ። ትምህርቱ ውሎ አድሮ በ15 ቋንቋዎች ይሰጥ ነበር። የጊዜው መንግሥት ዘመቻውን የራሱን ሐሳብ ለማስፋፋት እንደ ተጠቀመበት አይካድም፤ ደግሞም የሚነበብ መጽሐፍ አጥተው የተማሩትን የረሱ ብዙዎች ናቸው። የሆነ ሆኖ ከዚያ ዘመቻ ሁለት ነገር ተምሬአለሁ። አንደኛው፣ ሰው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሲማር ቶሎ እንደሚገባው ነው። ሁለተኛው፣ ለአዋቂ ተማሪ መጻፍ ማለት እርሳሱን ተቀብሎ መጻፍ ሳይሆን እጁን ይዞ ማስጻፍ መሆኑ ነው።

አሁን ወደ ዛሬው ነገር ልምጣ። በ2012 ዓ.ም. «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተባለው የመንግሥት ዕቅድ ጸደቀ። ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ቴሌብር ሥራ ጀመረ፤ በትንሿ ባለ ቍልፍ ስልክም፣ በአገር ቋንቋዎችም ስለሚሠራ ይህ በእውነት መልካም ነገር ነው። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የነዳጅ ክፍያ በኤሌክትሮኒክ መንገድ ብቻ እንዲሆን ታዘዘ። በዚያው ዓመት ስለ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ወጣ፤ ፋይዳ የሚባለውን ቍጥር ለማግኘትም ሰው ዐሥሩን ጣቱን፣ ዐይኑንና ፊቱን ያስመዘግባል። እንግዲህ ልብ በል፤ በፈቃድ የተጀመረ ነገር ጥቂት ቈይቶ ግዴታ ይሆናል። ግዴታ በሆነ ቀን ያልተማረው ወዴት ይሂድ?

በሰፈራችን ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ አንዲት ባልቴት አሉ። ሩቅ አገር ያለ ልጃቸው በስልክ ገንዘብ ይልክላቸዋል። «መምህር፣ እባክዎ ይችን ብር ያውጡልኝ» እያሉ ወደ እኔ ይመጡ ነበር። እኔም ስልኩን ከእጃቸው ተቀብዬ፣ የምስጢር ቍጥራቸውን ጠይቄ፣ በአንድ ደቂቃ ፈጽሜ እመልስላቸው ነበር። ደግ ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ታምሜ ቤት በዋልሁበት ወራት ግን ወደ አንድ የሰፈር ጎረምሳ ሄዱ፤ እንደ ለመዱትም ቍጥራቸውን ነገሩት። 3,000 ብር ጠፋባቸው። ገንዘቡ ሲወጣ ስልኩ በጽሑፍ ነግሯቸው ነበር፤ እርሳቸው ግን ማንበብ አይችሉም። ያን ጊዜ ጣቱን አገላብጦ ያየው ገበሬ ትዝ አለኝ። ጎረምሳው ገንዘቡን ወሰደ፤ ቍጥርን ለሰው መንገር ያለመዳቸው ግን እኔ ነኝ። አርባ ዓመት መምህር የነበርሁ ሰው፣ ማስተማር ሲገባኝ ሠርቼ ሰጠሁ።

ከዚያ በኋላ በየማታው አጠገባቸው ተቀምጬ አስተማርኋቸው። የብርን ኖት ለይተው ያውቁ ስለ ነበር ከአኃዝ ጀመርን። አሥራ ሁለት ቀን ፈጀብን። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው አዲስ የምስጢር ቍጥር አወጡ፤ «ይኸንስ ለእርስዎም አልነግርም» ብለው ሳቁብኝ። ከተሸለምሁት ሽልማት ሁሉ ያ ሳቅ ይበልጥብኛል።

ስለዚህ ሹም ለመሆን የምትማር ወጣት፣ በመሥሪያ ቤትህ ስልክ ለሌለውና ማንበብ ለማይችለው ሰው አንድ መስኮት ክፍት አድርግ፤ እስኪማር ድረስ በመስኮቱ መገልገል መብቱ ነውና። መሣሪያውን የምትሠራ ወጣት፣ እናትህ በምትናገረው ቋንቋ ሥራው፤ ለማታነበውም በድምፅ እንዲናገር አድርገው። ሌላው ሁሉ ደግሞ ይህን ትንሽ ነገር ያድርግ፤ አያቱ «ይችን ሥራልኝ» ብላ ስልኳን ስትዘረጋለት፣ ስልኩን አይቀበላት፤ ጣቷን ይምራ። ከአንዱ ደቂቃ ይልቅ አሥራ ሁለቱ ቀን ይበልጣልና።