ልጁን ማን ሳበው? የዓይን ቀለምና የአንድ ስህተት ታሪክ



አንድ ሕፃን ተወልዶ ዓይኑ የእናቱንም የአባቱንም ካልመሰለ በመንደሩ ወሬ ይነሳል። ወሬው ሲያድግ ትዳር ያፈርሳል፣ ልጅንም ያለ አባት ያስቀራል። ይህን ጥርጣሬ ሳይንስ ራሱ በአንድ ወቅት እንዴት እንዳጠናከረው፣ በኋላም እንዴት እንዳፈረሰው ዛሬ እንመለከታለን።

ከመዲና እንጀምር። ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) በዘገቡት ሐዲስ አንድ የገጠር ዐረብ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥቶ ሚስቱ ጥቁር ልጅ እንደወለደች ተናገረ። ልጁን በግልጽ ባይክድም ልቡ ተጠራጥሮ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስለ ሚስቱ አንዳች ሳይናገሩ ግመሎች እንዳሉት ጠየቁት፤ እንዳሉት ነገራቸው። ቀለማቸውን ሲጠይቁት ቀይ መሆናቸውን ተናገረ። ከመካከላቸው አመድማ ይገኝ እንደሆነ ጠየቁት፤ እንደሚገኝ አመነ። ታዲያ እርሱ ከየት መጣ ሲባል፣ የቀደመ ዘሩ ስቦት ይሆናል ብሎ ራሱ መለሰ። ልጁንም እንዲሁ የቀደመ ዘር ስቦት ሊሆን እንደሚችል ነገሩት። እንዲክደውም አልፈቀዱለትም።

በአገራችን «ዘር ከልጓም ይስባል» ይባላል። ሰውየው ባለ ግመል ስለነበር በሚያውቀው ነገር ተረዳ። አብዛኞቹ ዑለሞችም በቀለም ልዩነት ብቻ ልጅን መካድ እንደማይቻል ከዚህ ሐዲስ ወስደዋል።

አሁን ብዙ ዘመን ተሻግረን አሜሪካ እንግባ። እ.ኤ.አ. በ1907 ቻርለስ ዳቬንፖርትና ባለቤቱ ገርትሩድ ስለ ዓይን ቀለም ውርስ ጽሑፍ አወጡ። በ1908 እንግሊዛዊው ቻርለስ ኸርስት ተመሳሳይ ድምዳሜ ላይ ደረሰ። ሕጉ ቀላል ነበር፦ ቡናማ ገዢ ነው፣ ሰማያዊ ተሸናፊ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ሰማያዊ ዓይን ያላቸው ወላጆች ቡናማ ዓይን ያለው ልጅ ሊወልዱ አይችሉም። ሕጉ በመማሪያ መጻሕፍት ገብቶ ለትውልድ ተነገረ። እንዲህ ያለ ልጅ የወለደች እናት ምን እንደሚጠብቃት መገመት አያዳግትም።

ጉዳቱ በዚህ አላበቃም። ዳቬንፖርት በ1910 በኒውዮርክ ግዛት ኮልድ ስፕሪንግ ሃርበር የሰውን ዘር «ጥሩ» እና «መጥፎ» እያለ የሚመዘግብ ቢሮ አቋቋመ። በናዚ ጀርመን ደግሞ ይህ አስተሳሰብ ወደ ግድያ ተሸጋገረ። በአውሽዊትዝ ካምፕ የነበረው ሐኪም ጆሴፍ ሜንገለ የሟች እስረኞችን ዓይን በርሊን ውስጥ የዓይን ቀለም ለምታጠና ተመራማሪ ይልክ ነበር። አላህ የተለያየ አድርጎ የፈጠረውን ቀለም የሰው ልጅ የሞት ምልክት አደረገው።

ታዲያ እውነታው ምንድን ነው? በብሌናችን ዙሪያ ያለው ባለ ቀለም ክብ አይሪስ ይባላል። ቀለሙን የሚሰጠው ሜላኒን ነው፤ ቆዳችንንም የሚያጠቁረው እርሱ ነው። በአይሪስ የፊት ክፍል ብዙ ሜላኒን ካለ ዓይኑ ቡናማ ይሆናል። ሱብሐነላህ! በሰማያዊ ዓይን ውስጥ ግን ምንም ሰማያዊ ቀለም የለም። ሜላኒኑ ጥቂት ስለሆነ ብርሃን እዚያ ሲገባ ይበተናል፤ ሰማዩ ሰማያዊ ሆኖ እንደሚታየን ዓይኑም ሰማያዊ ሆኖ ይታየናል።

በ2008 የኮፐንሃገን ተመራማሪዎች በ15ኛው ክሮሞዞም ላይ አንድ ትንሽ ለውጥ አገኙ። ለውጡ ኤችኢአርሲ2 በሚባለው ዘረ-መል ውስጥ ሆኖ ጎረቤቱን ኦሲኤ2ን ያዳክመዋል፤ ሜላኒንም ይቀንሳል። ለውጡ ከ6,000 እስከ 10,000 ዓመት በፊት እንደተከሰተ ገመቱ። ግን ታሪኩ በአንድ ዘረ-መል አያልቅም። በ2021 ወደ 195,000 የሚጠጉ ሰዎች የተካተቱበት ጥናት ከዓይን ቀለም ጋር የተያያዙ 50 አዳዲስ ዘረ-መሎችን አገኘ። ስለዚህ ሰማያዊ ዓይን ያላቸው ወላጆች፣ ብዙ ጊዜ ባያጋጥምም፣ ቡናማ ዓይን ያለው ልጅ ሊወልዱ ይችላሉ። የ1907ቱ ሕግ ፈረሰ። ለብዙ ትውልድ ተደብቆ የቆየ ነገር በልጅ ላይ ብቅ ሊል ይችላል።

አንድ ጠቃሚ ነገር እንጨምር። ጠይም ወላጆች በጣም ደማቅ ሰማያዊ ዓይን ያለው ልጅ ቢወልዱ ምክንያቱ ዋርደንበርግ ሲንድረም ሊሆን ይችላል። ሆላንዳዊው ሐኪም ዋርደንበርግ በ1951 የገለጸው ሲሆን አንዳንዴ ከመስማት ችግር ጋር ይመጣል። እንዲህ ያለ ልጅ የሚያስፈልገው የጆሮ ምርመራ ነው፤ ሐሜት አይደለም። ብዙ ሕፃናትም ሲወለዱ ዓይናቸው ፈዛዛ ሆኖ በወራት ውስጥ ይጠቁራል፤ በመጀመሪያው ሳምንት የሚፈርድ ሰው ቸኩሏል።

ውድ ወንድምና እህቶች! በእናት ክብር ላይ የሚወረወር ቃል ቀላል አይደለም። የጎረቤት ሕፃን ዓይን መነጋገሪያ ሲሆን ከሰማን የግመሎቹን ታሪክ እንንገራቸው። ያ ሰው ልጁን እንዲክድ አልተፈቀደለትም።

ወላሁ አዕለም።