ፊደልና የኢንተርኔት አድራሻ

የኢንተርኔት አድራሻ በማንኛውም ፊደል ሊጻፍ መቻሉ ዛሬ ያለቀለት ጉዳይ ተደርጎ ይቆጠራል። ይህን የሚፈቅደው ደንብ ከወጣም ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ይሁን እንጂ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ አድራሻ በአንዱ ፕሮግራም ሲሠራ በሌላው ሲወድቅ እናያለን። የጉድለቱ ምንጭ የአንድ ሰው ስንፍና ወይም የአንድ ፕሮግራም ስሕተት አይደለም፤ መሐንዲሶች አስበውና ተከራክረው ከመረጡት መንገድ የመጣ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ምርጫና ያስከተለውን ዋጋ መመርመር ነው። ዘመኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በኢንተርኔት ቅድመ አያት በአርፓኔት ዘመን፣ በመረቡ ላይ ያሉት ኮምፒዩተሮች ስም ሁሉ በአንድ መዝገብ ተጽፎ በካሊፎርኒያ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ይጠበቅ ነበር፤ ሌሎቹ ከዚያ ይገለብጡ ነበር። ስሞቹ ከላቲን ፊደላት፣ ከቁጥርና ከጭረት በቀር ሌላ ምልክት እንዳይኖራቸውም በዚያው ዘመን ተወሰነ። መረቡ ሲሰፋ መዝገቡ አልበቃ አለ። በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ ስሞችን በብዙ ሰርቨሮች መካከል የሚያከፋፍለውን ሥርዓት ነደፈ፤ በ1987 የታረመው ይኸው ሥርዓት እስከ ዛሬ ያገለግላል። በነጥብና በነጥብ መካከል ያለው እያንዳንዱ የስም ክፍል ከ63 ባይት እንዳይበልጥ የሚያዘው ወሰንም ከዚያ የመጣ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። የ1987ቱ ሥርዓት በመልእክቱ ውስጥ ማንኛውንም ባይት ለመሸከም ይችላል። የላቲን ፊደል ግዴታ የተጻፈው እንደ ክልከላ ሳይሆን ነባር ፕሮግራሞች እንዳይደናቀፉ እንደ ምክር ነበር። ምክሩ ግን በሺህ በሚቆጠሩ ፕሮግራሞች ውስጥ ገብቶ ሕግ ሆነ። ልማድ ከሕግ ይልቅ ለመሻር እንደሚያስቸግር የሙያ ባልደረቦቼ ከራሳቸው ሥራ ያውቁታል።

ሌሎች ፊደላትን ለማስገባት የሚያስችል ሐሳብ በ1996 ያቀረበው ማርቲን ዱርስት ነው። ከ1998 ጀምሮም በሲንጋፖር ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ በታን ቲን ዊ የሚመራ ቡድን ሐሳቡን በተግባር ይፈትን ጀመር። ጉዳዩ ለኢንተርኔት መሐንዲሶች ጉባኤ ሲቀርብ ሁለት መንገዶች ታዩ። አንደኛው ፊደሉን እንዳለ በዩኒኮድ ባይቶች በመረቡ ላይ መላክ ነው። ሁለተኛው የተጠቃሚው ፕሮግራም ስሙን በላቲን ፊደላት ወደሚጻፍ ምስጢራዊ መልክ ቀይሮ እንዲልከው ማድረግ ነው። የመጀመሪያው ንጹሕ ነበር፤ ነገር ግን በዓለም ዙሪያ ያሉት ነባር ሰርቨሮችና ፕሮግራሞች እንግዳውን ባይት ሲያዩ ምን እንደሚሆኑ ማንም ዋስትና ሊሰጥ አልቻለም። ስለዚህ ሁለተኛው ተመረጠ፤ በመጋቢት 2003ም ደንቡ ታተመ።

ለለውጡ የተመረጠው ስልት አዳም ኮስቴሎ የቀመረው ፑኒኮድ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 በወጣው ሦስተኛው የዩኒኮድ እትም ከ4608 እስከ 4991 ያሉትን ተራ ቁጥሮች ይዞ ገብቷል። ፊደሉ እንዳለ ቢላክ እያንዳንዱ ሆሄ ሦስት ባይት ስለሚወስድ በ63 ባይት ውስጥ 21 ሆሄ ብቻ ይገባ ነበር። ፑኒኮድ ግን የሚጽፈው የተራ ቁጥሮቹን ልዩነትና ሆሄያቱ የሚገቡበትን ስፍራ ነው። ከላቲን ወደ ግዕዝ የሚደረገው የመጀመሪያ ዝላይ ትልቅ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ሆሄያት ጎረቤታሞች በመሆናቸው ቀሪዎቹ ልዩነቶች ያንሳሉ። በምስጢራዊው ስም ግንባር ላይ የሚቀመጠው ምልክት በዕጣ የተለየ መሆኑም ያስገርማል፤ አስቀድሞ አውቆ ስሞችን የሚሻማ እንዳይኖር ዕጣው በአክሲዮን ገበያ ቁጥሮች ላይ ተመሠረተ።

በዚህ ምርጫ መረቡ ሳይነካ ቀረ። ሸክሙ ግን በዳር ወዳሉት ፕሮግራሞች ሁሉ ተዛወረ። ገጽ የሚያሳየው፣ ደብዳቤ የሚልከው፣ ቅጽ የሚቀበለው፣ እያንዳንዱ ለየራሱ መተርጐም ተገደደ። አንዱ ካልተረጐመ ስሙ ይሞታል፤ ወይም ባለቤቱ የማያውቀው የላቲን ፊደላት ክምር ሆኖ ይታያል።

ሌላው ዋጋ ማታለል ነው። በ2005 አንድ አጥኚ ከፔይፓል ስም አንዱን የላቲን ሆሄ አውጥቶ በምትኩ መልኩ ፍጹም አንድ የሆነውን የሩስያ ሆሄ በመተካት አስመሳይ አድራሻ አስመዘገበ። ፋየርፎክስ ለጊዜው የሰጠው መልስ በሌሎች ፊደላት የተጻፉትን ስሞች በምስጢራዊ መልካቸው ማሳየት ነበር፤ በጥቂቶች ተንኮል የብዙዎች ፊደል ተሸፈነ ማለት ይቻላል። በ2010 የታተመው የተሻሻለ ደንብ የሚፈቀዱትን ምልክቶች ከሞላ ጎደል በፊደልና በተራ አኃዝ ወሰነ። ዩኒኮድ የግዕዝን አኃዞች ከተራ አኃዝ ስላልመደባቸው ፩ና ፪ ከአድራሻ ውጭ ሆኑ። ሁለት ነጥብና አራት ነጥብም እንዲሁ። የ2003ቱ ደንብ የቻይናን የዐረፍተ ነገር መዝጊያ በነጥብ ፋንታ ሲቀበል ለአራት ነጥባችን ያንን መብት አልሰጠም። ጉዳቱ ትልቅ ባይሆንም፣ ደንቡ ሲረቀቅ የማን ድምፅ እንደተሰማ ያመለክታል።

እስከዚያ ድረስ የአድራሻው መጨረሻ፣ ማለትም የአገር ምልክቱ፣ በላቲን እንደተጻፈ ነበር። ስሞቹን የሚያስተዳድረው አይካን በ2009 መጨረሻ በሴኡል ይህን በር ከፈተ። በግንቦት 2010 ግብፅ፣ ሳዑዲ ዐረቢያና የተባበሩት ዐረብ ኤሚሬቶች በዐረብኛ፣ ከቀናት በኋላም ሩስያ በራሷ ፊደል የአገር ምልክታቸውን አገኙ። ለእያንዳንዱ ፊደል በሥሩ ላይ የሚሠራ ደንብ ማውጣት ስላስፈለገም፣ በ2017 በወጣው ሁለተኛ እትም የግዕዝ ፊደል ከዐረብኛ፣ ከጆርጂያ፣ ከክመር፣ ከላኦና ከታይ ጋር ተካተተ።

ለእኛ ከሁሉ የሚከብደው የሞክሼ ሆሄያት ጉዳይ ነው። «ዓለምፀሐይ» የሚለውን ስም እንውሰድ። መነሻው በአ፣ በኣ፣ በዐ ወይም በዓ፣ መካከሉ በጸ ወይም በፀ፣ ቀጥሎ ያለው ሆሄ በሀ፣ በሃ፣ በሐ፣ በሓ፣ በኀ ወይም በኃ ሊጻፍ ይችላል። ይህም 48 አጻጻፍ ነው። ለአማርኛ አንባቢ አርባ ስምንቱም አንድ ሰው ናቸው፤ ለሰርቨሩ ግን 48 ልዩ ልዩ ባለቤቶች ሊኖሯቸው የሚችሉ ስሞች ናቸው። አጭበርባሪ የሩስያን ሆሄ መዋስ አያስፈልገውም፤ የራሳችን ፊደል ይበቃዋል።

አንዱ ሲመዘገብ ሌሎቹ አርባ ሰባት እንዲታገዱ ማድረግ ቀላል መፍትሔ ይመስላል፤ ለአማርኛ እኔም እደግፈዋለሁ። ነገር ግን ፊደሉ የአማርኛ ብቻ አይደለም። በትግርኛ ሀና ሐ፣ አና ዐ በድምፅም የተለያዩ ናቸው። በግዕዝም መሀረ ማለት አስተማረ፣ መሐረ ማለት ይቅር አለ ነው፤ ሰአለ ለመነ ሲሆን ሠዐለ ሥዕል ሣለ ነው። እነዚህን በአማርኛ ጆሮ አንድ ናቸው ብሎ ማገድ የሌላውን ቋንቋ ተናጋሪ ከገዛ ቃሉ ማባረር ይሆናል። በእኔ አስተያየት ከአገር ምልክቱ በታች ላሉት ስሞች፣ ሞክሼዎቹን አግዶ ለመጀመሪያው ባለቤት በጥያቄው መፍቀድ የተሻለ ነው፤ ሌላ ሰው ሊወስዳቸው አይችልም፣ የፈለገ ግን አይከለከልም። ይህን የሚወስን አካል ከፕሮግራም አውጪው ጋር የቋንቋ ሊቃውንትን ማስቀመጥ ይኖርበታል። በሞክሼዎች ላይ ለብዙ ዓመታት የተደረገው የፊደል ማሻሻያ ክርክር እስካሁን አልተቋጨም፤ መዝጋቢው ግን ክርክሩ እስኪያልቅ ሊጠብቅ አይችልም።

የኢሜይል አድራሻ በማንኛውም ፊደል እንዲጻፍ የሚፈቅደው ደረጃ የታተመው በ2012 ነው። ባለፈው ዓመት በግዕዝ ፊደል የተጻፈ አድራሻ በአንድ መሥሪያ ቤት ቅጽ ላይ ለመሞከር ሞክሬ ነበር። ቅጹ የተዘጋጀው በአማርኛ ነው፤ ስሜንም በአማርኛ ተቀበለኝ። አድራሻዬን ስጽፍ ግን በቀይ ቀለም «ትክክለኛ አድራሻ ያስገቡ» አለኝ። ኮዱን ከጻፈው ባለሙያ ጋር ስንመለከተው፣ ስሕተቱ የነበረው ከላቲን ፊደላት በቀር ሌላ እንዳይገባ በሚያዝ አንድ መስመር ላይ ነበር። መስመሩን ከሌላ ሥራ እንደገለበጠው ነገረኝ፤ ያኛው ከየት እንደገለበጠው ግን ሁለታችንም ልንደርስበት አልቻልንም።